የቆሰሉ ወታደሮችና የሟች ቤተሰቦች፦ የአንድ ቀን አዳራሽ ወይስ የወር መዋጮ?

የጠባሴ ሰው (ክሩን የከፈተ)

ጤና ይስጥልኝ የሸዋ ልጆች። እዚህ ደብረ ብርሃን ሰፈራችን ውስጥ አንድ ነገር ተነስቶ ሁለት ወገን ሆነናል። ከየወረዳው ያላችሁ ምክራችሁን ጣል አድርጉልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጦርነት እግራቸውን ወይም ዓይናቸውን ያጡ ልጆች ሰፈራችን ውስጥ አሉ። ባሏን ያጣች አለች፣ ልጁን ያጣ አለ። አስከሬን ሳያዩ መርዶ ብቻ የተረዱም አሉ። ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ለቅሶ ደርሰናል፣ ድንኳን ጥለናል፣ ንፍሮ ቀቅለናል። አርባው ከወጣ በኋላ ግን በራቸውን የሚያንኳኳው ሰው እያነሰ ሄደ።

አሁን ወጣቶቹ ትልቅ የገቢ ማሰባሰቢያ እናዘጋጅ ብለዋል። አዳራሽ፣ ዘፋኝ፣ የበግ ጨረታ፣ ባነር። ልባቸው ንጹሕ ነው፣ አከብራቸዋለሁ። እኔና ጥቂት የእድር ሰዎች የምንለው ግን ሌላ ነው። በየወሩ እድር ስንከፍል በላዩ ላይ ጥቂት ብር እንጨምር። ትንሽ ትሁን፣ ብቻ አትቋረጥ። ለሟች ቤተሰብ የቤት ኪራይ፣ ለቁስለኛው መድኃኒትና ትራንስፖርት ትሁን። በአንድ ቀን የተሰበሰበ ብር ከአንድ ክረምት አያልፍም። የሟች ልጅ ግን ተምሮ እስኪጨርስ አሥራ ሁለት ዓመት ይፈልጋል።

የትኛው ይሻላል? ሠርታችሁ ያያችሁ ንገሩኝ።


መሐል ሜዳ

ወንድሜ፣ የአዳራሹን ነገር በደንብ አውቀዋለሁ። በ2014 ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ። ኅዳር ላይ ጦርነቱ ደብረ ሲና ጫፍ በደረሰ ጊዜ ማንም ሰው ልመና አላስፈለገውም። የመንዝ እናቶች በሶውን ፈጭተው፣ ዳቦ ቆሎውን ቆልተው፣ ጭኮውን አሽተው በማዳበሪያ ከረጢት አመጡ። ገበሬው በጉን እየነዳ መጣ። ባናውን ከመኝታው አንስቶ የሰጠ አለ። የመንዝን ብርድ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ቆይቶ ለቁስለኞች ተብሎ የተዘጋጀው ግን እንዲያ አልነበረም። አንድ በግ ለጨረታ ቀረበ። ያሸነፈው ሰው መልሶ ለገሰው፣ እንደገና ተጫረቱበት። ጭብጨባ ነው፣ እልልታ ነው። ነገር ግን መድረክ ላይ ቃል የተገባውና ባንክ የገባው ለየቅል ሆነ። ስንደውል «እሺ ነገ» ይሉናል። ሲቆይ ስልክ ማንሳት ተዉ። ከገባው ላይ ደግሞ የአዳራሹ፣ የድምፅ ማጉያው፣ የምሳውና የባነሩ ወጪ ተነሳ። የተረፈው ለቤተሰቦቹ አንድ ጊዜ ተከፋፈለ። ከዚያ ኮሚቴውም ተበተነ።

ስለዚህ እኔም ከወር መዋጮው ጋር ነኝ። አዳራሽ የምታደርጉ ከሆነ ግን ቃል የሚገባው ሰው እዚያው ተቀምጦ በቴሌብር ወይም በሞባይል ባንኪንግ ያስገባ። መድረክ ላይ የሚነበበው የገባው ብር ብቻ ይሁን።


ምርኩዝ

ስለኛ ነው የምታወሩትና ልግባ። ግራ እግሬ ከጉልበቴ በታች የለም። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው።

መጀመሪያ ስለ ፎቶ ልናገር። አንድ ዝግጅት ላይ መድረክ አውጥተው ሱሪህን ሰብስብ አሉኝ። ካሜራው እግሬ ላይ ነበር። እናቴ ቪዲዮውን ቲክቶክ ላይ አየችው። ከዚያ በኋላ እህል አልወርድ ብሏት ሰነበተች። ልትረዱን ከሆነ ቤታችን ኑ፣ ቡናችንን ጠጡ፣ ያሰባችሁትን ስጡና ሂዱ። ወታደር ነኝ። ልመና አልወጣሁም።

ሌላው የክራንች ነገር ነው። ክራንች ጫፉ ላይ ጎማ አለችው። ከአውራ ጣት ብዙም አትበልጥም። ኮብልስቶን ላይ ቶሎ ትበላለች። እሷ ስታልቅ ብረቱ ይወጣል። የጥቅምትን ውርጭ ታውቁታላችሁ፣ ጠዋት ድንጋዩ ያዳልጣል። በባዶ ብረት እዚያ ላይ ከወጣሁ እወድቃለሁ። ስወድቅ ደግሞ መሬቱን የሚያገኘው የተቆረጠው እግሬ ነው። ሰፈራችን አንድ በረባሶ የሚሠራ ሰውዬ አለ። ከመኪና ጎማ ቆርጦ፣ በወስፌ ወግቶ፣ በሽቦ ጠፍንጎ ያለብስልኛል። ሂሳብ ስለው ይቆጣኛል። ይህ ሰው ስሙ የትም መድረክ ላይ ተጠርቶ አያውቅም። እኔን ግን ቀጥ አድርጎ ያስኬደኝ እሱ ነው።

የሚያስፈልገን እንዲህ ዓይነቱ በየወሩ የሚያልቅ ነገር ነው። ጎማ፣ ካልሲ፣ የህመም ማስታገሻ፣ የታክሲ። ለዚህ የአንድ ቀን ቼክ አይሆንም።


የጠባሴ ሰው

ምርኩዝ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያክብርህ። ፎቶ የለም። ይህ በቃለ ጉባኤ ይጻፋል። ያንን የበረባሶ ሠሪም ብታገናኘን ደስ ይለናል። ለሌሎቹም ይሥራልን፣ የጎማውንና የሽቦውን ዋጋ እኛ እንችላለን።


ነርስ ከዓለም ከተማ

ሰው ሠራሽ እግር «እንግዛለት» እያላችሁ ብር ለምትሰበስቡ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እግር እንደ ጫማ ተገዝቶ የሚጠለቅ አይደለም። በልክ ይሠራል። ቁስሉ ከዳነ በኋላ የቀረው የእግር ክፍል ለወራት እየሟሸሸ ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ የተሠራው ማስገቢያ ይሰፋና ይፍቃል፣ ያቆስላል። እንደገና መሠራት አለበት። ከዚያ የመራመድ ልምምድ አለ፣ የጡንቻ ማጠናከሪያ አለ። ይህን ያልጨረሰ ሰው እግሩን አልጋ ሥር ጥሎ ወደ ክራንቹ ይመለሳል። ቤት ለቤት ስንዞር ብዙ አይቻለሁ።

ለሰሜን ሸዋ ሰው አንዱ አማራጭ ደሴ ያለው የአካል ተሃድሶ ማዕከል ነው። ዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ሲደግፈው የኖረ ነው። አዲስ አበባም አለ። ሰውን ከዚያ የሚያስቀረው ብዙ ጊዜ የእግሩ ዋጋ ሳይሆን የመንገዱ፣ የማደሪያውና የአስታማሚው ወጪ ነው። ከመርሐቤቴ ቆላ ተነስቶ ደሴ ለመድረስና እዚያ ልኩ እስኪስተካከል ለመቆየት ስንት እንደሚፈጅ አስቡት። መዋጮውን እዚያ ላይ አውሉት።

ሌላም አለ። የማይታይ ቁስል ያለባቸው አሉ። እንቅልፍ የማይተኙ፣ የመስቀል ደመራ ላይ ርችት ሲተኮስ መሬት የሚተኙ፣ ሚስትና ልጅ ላይ የሚጮሁ። ቤተሰብ ሸንኮራ ዮሐንስ ወይም ፃድቃኔ ማርያም ፀበል ይወስዳቸዋል። ይውሰዳቸው፣ እኔም ፀበል እጠመቃለሁ። ግን መድኃኒት የጀመረ ሰው መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ፣ አያቋርጥ። ይህንን በእድር ስብሰባ ላይ ጮክ ብላችሁ ንገሩልኝ።


አንኮበር

ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፣ እንዳትቀየሙኝ። «ወታደር» ስትሉ ማንን ነው? የመከላከያ ልጅ አለ፣ ልዩ ኃይል የነበረ አለ፣ ሚሊሻ አለ። ያለንበት ጊዜ ደግሞ ከባድ ነው። አንዱን ስትረዱ ሌላው «ለምን እሱን» ይላል። ኮሚቴው ውስጥ የገባ ሰው ነገ ስሙ በምን እንደሚነሳ አይታወቅም። ልጆች አሉንና መጠንቀቅ ደግ ነው።


የኢፋት ልጅ

ጋሼ አንኮበር፣ ስጋትዎ ይገባኛል። እኔ ሸዋ ሮቢት ነው ያለሁት፣ ስለ ፍርሃት እኛም እናውቃለን። አጣዬ በ2013 ሲቃጠልም፣ በ2014ም፣ የእኛ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሎ ደብረ ብርሃን ደጃችሁ ድረስ መጥቷል።

እኛ ጋ ቅሬ አለ፣ እንደ እናንተ እድር ማለት ነው። ቅሬው ሰው ሲሞት ማን ገደለው፣ ለማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም። ቀባሪ ይጠራል፣ እናቶች እህል ይዘው ይገባሉ። የሟች እናት ሲያለቅሱ እንባቸው የደንብ ልብስ የለውም። ቅሬያችን ከረመዳን በፊት ዘካውን ሲከፋፍል መጀመሪያ የሚያስበው አባት የሌላቸውን ልጆች ነው። አባትየው መከላከያ ይሁን ሚሊሻ መዝገቡ ላይ አይጻፍም። የሚጻፈው የልጆቹ ቁጥር፣ የክፍል ደረጃቸውና የቤት ኪራዩ ነው።

ምክሬ፣ መመዘኛችሁ ችግሩ ይሁን። እድሩ በሚያውቀው መንደር ውስጥ ያለ፣ አካሉ የጎደለ ወይም አሳዳሪው የሞተበት ቤተሰብ። በቃ። እንዲያ ካደረጋችሁ ማንም አይጠይቃችሁም። እንዲያውም በተለይ የሚሊሻውን ቤት እዩልኝ። የመከላከያው ልጅ ቢያንስ ፋይል አለው። የሚሊሻው ሚስት ብዙ ጊዜ በእጇ አንዲት ወረቀት የላትም።


አንኮበር

እታለም፣ በዚህ ተስማማሁ። መመዘኛው እንደዚያ ከሆነ የእኔንም መዋጮ ጻፉኝ።


የወታደር ልጅ

ስለ ወረቀት ከተነሳ የምናገረው አለኝ። አባቴ በባድመው ጦርነት፣ በ1991 ነው ያለፈው። ሕፃን ነበርኩ። እናቴ ጡረታውን ለማስከበር ስትመላለስ ነው ያደግሁት። አሁን የሌሎችን እናቶች ወረቀት አስተካክላለሁ፣ በነፃ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ይህ ነው። በሥራ ላይ የሞተ ወታደር ተተኪዎች የጡረታ መብት አላቸው። ሚስት ከሟቹ ጡረታ 50 በመቶ፣ እያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ፣ 18 ዓመት እስኪሞላው ድረስ። በልጃቸው ይተዳደሩ የነበሩ ወላጆችም መጠየቅ ይችላሉ። አካሉ የጎደለ ወታደር ደግሞ በጉዳቱ መጠን የጉዳት ጡረታ ወይም ዳረጎት፣ ማለትም አንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ አለው። ይህ መብታቸው ነው። የይርጋ ጊዜም፣ ማለትም መብቱን መጠየቂያ የጊዜ ገደብ ስላለው ሐዘኑ ይውጣልን ብላችሁ አትዘግዩ።

ችግሩ ወረቀቱ ነው። ባለፈው አንዲት እናት በጥቁር ፌስታል ይዘውልኝ መጡ። የመርዶ ደብዳቤ፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ ያረጀ ጉርድ ፎቶ፣ የልጆች የክትባት ካርድ። ፌስታሉ ከብዙ መታጠፍ የተነሳ ጥጉ ነጭ ሆኗል። ደብዳቤው ላይ የልጃቸው ስም ሌላ ነው። ሲቀጠር በክርስትና ስሙ ተመዝግቧል። የአያት ስሙም በአንድ ፊደል ይለያል። በዚህች ምክንያት አንድ መሥሪያ ቤት «ልጅዎ መሆኑን አምጡ» ብሎ መልሷቸዋል። ከደነባ አዲስ አበባ ተመላልሰው፣ በየጊዜው ለመኪና በግ ሸጠው፣ አሁን የሚሸጥ በግ የላቸውም። ያስፈለጋቸው ሦስት ምስክርና የፍርድ ቤት ውሳኔ ብቻ ነበር። ይህንን የነገራቸው ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ከምትሰበስቡት ላይ ለወረቀት ጉዳይ በጀት ያዙ። የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀት፣ የወራሽነት ውሳኔ፣ ፎቶ ኮፒ፣ መኪና። ለአንድ ቤተሰብ ጡረታ አስከበራችሁ ማለት ልጆቹ እስኪያድጉ በየወሩ ረዳችኋቸው ማለት ነው። ከሁሉም መዋጮ ይበልጣል ብዬ የማምነው ይህንን ነው።


ጡረተኛው

ልጄ፣ ተባረኪ። እናትሽም ይኑሩልሽ።

እኔ የቀድሞው ሠራዊት ነኝ። በደርግ ጊዜ የእናት አገር ጥሪ ተብሎ ከደመወዝ ይቆረጥ ነበር። ከሶማሊያው ጦርነት በኋላም ወላጅ ላጡ ልጆች አላጌ ላይ የሕፃናት አምባ ተቋቋመ። ብዙ ሰው አድጎበታል። በ83 ሠራዊቱ ሲበተን ግን ክራንች የያዘው ጓዴ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ተቀመጠ። መንግሥት ሲያልፍ አብሮት የሚያልፍ እርዳታ እንዳለ ያየሁት ያኔ ነው። እድር ግን በንጉሡ ጊዜም ነበረ፣ በደርግም፣ በኢህአዴግም። ዛሬም አለ። በእሱ ላይ መመሥረታችሁን ወድጄዋለሁ።

ይህ ሥራ ለሸዋ አዲስ አይደለም። በጣልያን ጊዜ አርበኛው ዱር ሲገባ ከከተማ መድኃኒት፣ ስንቅና ጥይት የሚልኩ የውስጥ አርበኞች ነበሩ። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ያላቸውን ለዚሁ አውለው፣ ተይዘው ጣልያን አገር አዚናራ ድረስ ታስረዋል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀልም የተቋቋመው በዚያው ወረራ ዋዜማ በ1927 ነው። ለቁስለኛ ማሰብ የአባቶቻችን ነው።

አንድ ነገር ብቻ። የጥንቱንም ወታደር አትርሱ። እኛ ቁጥራችን ትንሽ ነው፣ ብዙም አናስቸግርም።


የጠባሴ ሰው

አባባ፣ አንቱን እንዴት እንረሳለን። መዝገቡ የየትኛው ዘመን ወታደር ብሎ አይለይም። የኢፋቷ እህታችን ባለችው መመዘኛ ነው የምንሄደው።


አዲስ ትውልድ

የወጣቶቹ ወገን ነኝ፣ ጠባሴም ነው የምኖረው። አዳራሹን ሁላችሁም ስትወቅሱት ከረማችሁ። እስቲ እኛንም ስሙን። የእድር አባል የሆነው የቤት ባለቤት ነው። ተከራዩ፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ፣ የፋብሪካው ሠራተኛ፣ ትናንት ሥራ የያዘው ወጣት እድር የለውም። እነዚህ ሰዎች በምን ይሳተፉ? እኛ ዝግጅት ያልነው እነሱን ለማግኘት ነው።

ዘፋኙን እንተወው፣ እሺ። ሩጫ እናድርግ። ደብረ ብርሃን የሯጭ አገር ናት፣ በየማለዳው አስፋልቱን የሚሞሉት እነማን ናቸው? ቲሸርቱን የሚገዛው ሰው እዚያው ስልኩን አውጥቶ ለወር መዋጮው ይመዝገብ። የአንድ ቀን ዝግጅቱ ለወር መዋጮው በር ይክፈት።


መሐል ሜዳ

ይህ ልጅ ትክክል ነው። እኛ ያኔ ያላሰብነው ይህንን ነው። በቲሸርቱ ላይ ግን ብዙ ወጪ አታውጡ።


ሸዋዬ ከሜሪላንድ

እኔ ውጭ አገር ነኝ። እዚህ ስብስብ አለን። ለሁሉም ከምናዋጣ እያንዳንዳችን አንድ አንድ ቤተሰብ ይዘን በቀጥታ ብንልክ አይሻልም? ስምና ስልክ ብትልኩልን።


የወታደር ልጅ

ወንድሜ ሸዋዬ፣ አምላክ ይስጥልን። በቀጥታ መላኩ ግን ጎረቤት ያጣላል። አንዷ ከውጭ ትልቅ ብር ሲመጣላት አጠገቧ ያለችው ምንም አታገኝም። ሁለቱም ባል የሞተባቸው ናቸው። ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ እናንተ ሥራ ብትቀይሩ ለያቺ ቤተሰብ የሚላከው በድንገት ይቆማል። በእድሩ በኩል አንድ ላይ ይግባ፣ ለሁሉም በችግሩ ልክ ይድረስ። የቤተሰቦቹ ስምና ስልክም በይፋ መውጣት የለበትም። ሰፈሩ ያውቃቸዋል፣ ይበቃል።


ባንክ ቤት

ስለ ሂሳቡ ከሙያዬ ልጨምር። በግለሰብ ስም በፍጹም አትክፈቱ፣ ምንም ያህል የታመነ ሰው ቢሆን። እድሩ ሕጋዊ ምዝገባ ካለው በእድሩ ስም ለዚህ ብቻ የሚሆን የተለየ ሂሳብ ክፈቱ። ከእድሩ የቀብር ገንዘብ ጋር አይቀላቀል። ፈራሚ ሦስት ይሁን፣ ሁለቱ ሳይፈርሙ ብር አይውጣ። ከሦስቱ አንዷ ከሟች ቤተሰቦች መካከል ብትሆን እመርጣለሁ።

በየወሩ የገባውንና የወጣውን በወረቀት አትማችሁ እድሩ በሚሰበሰብበት ግድግዳ ላይ ለጥፉ። የተረጂ ስም አይጻፍበት፣ ለኪራይ ይህን ያህል፣ ለመድኃኒት ይህን ያህል ተብሎ ይጻፍ። ደረሰኙ በፋይል ይቀመጥ፣ የፈለገ አባል ገልጦ ይይ። ሰው መስጠት የሚያቆመው ብሩ የት እንደገባ ሳያውቅ ሲቀር ነው። ከእድሩ ውጭ በይፋ ከሕዝብ የምትሰበስቡ ከሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ የሚመለከተውን አካል ጠይቁና ደብዳቤ ያዙ። በመሃል እንዳትቆሙ።


ምርኩዝ

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ብር ብቻ አትስጡን፣ ሥራም ስጡን። አንድ እግር የሌለው ሰው ሂሳብ መያዝ ይችላል፣ ስልክ መጠገን ይችላል፣ ልብስ መስፋት ይችላል። ባለሱቆቹን በእድሩ ስም አነጋግሩልን። የመዋጮውን መዝገብ የሚይዝ ሰው ከፈለጋችሁ እኔ እይዛለሁ። በክፍለ ጦር ውስጥ ንብረት ክፍል ነበርኩ።


የጠባሴ ሰው

መዝገቡ ያንተ ነው። ለሌሎቹ የእድር ሰዎች አሁኑኑ እነግራቸዋለሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በእድሩ ቤት እንገናኛለን። የመጣነው ሰዎች ሦስት ነገር እንጨርሳለን፦ የወሩን መዋጮ መጠን፣ ፈራሚዎቹን፣ የሩጫውን ቀን። አዲስ ትውልድ፣ ጓደኞችህን ይዘህ ና፣ ተከራዮቹንም ጥራ። ነርሷ እህታችን፣ ወደ ደሴ የሚሄዱትን ለመለየት የሚያስፈልገውን በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። የወታደር ልጅ፣ የደነባዋን እናት ፌስታል ይዘሽ መምጣት ከቻልሽ ነይ። ሰፈራችን ውስጥ የፍርድ ቤት ጉዳይ የሚያውቅ ጡረታ የወጣ ሰው አለ፣ አነጋግሬዋለሁ፣ ያየዋል። የመጀመሪያው ወጪያችን የደነባዋ እናት የመኪና ወጪ ይሁን ብዬ አቀርባለሁ።


የወታደር ልጅ

እመጣለሁ። ሦስቱን ምስክሮችም ከደነባ ይዤ ለመምጣት እሞክራለሁ። ለእነሱ ማደሪያ የሚሰጥ ሰው ካለ ንገሩኝ።


አንኮበር

ደብረ ብርሃን የእህቴ ቤት አለ። ሦስት ሰው ያሳድራል።